የመንገዱ ዋጋ፦ በሰሜን ተራሮች ዙሪያ በሐኪምነት ያሳለፍኳቸው ዓመታት

የሕክምና ትምህርቴን አጠናቅቄ የሥራ ምደባ ዕጣ ያወጣሁት በ2008 ዓ.ም. ነው። ዕጣዬ ከደባርቅ ወዲያ፣ በሰሜን ተራሮች ዙሪያ ከሚገኙት ወረዳዎች በአንዱ ወደተከፈተ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል መራኝና እዚያ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሠራሁ። ይህን ተሞክሮ የምጽፈው እንደ እኔ ርቆ ወደሚገኝ ወረዳ ለሚመደቡ ወጣት ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ነው። ከመሄዴ በፊት አንድ ሰው አስቀምጦ ቢነግረኝ ኖሮ፣ ቢያንስ ሕሙማኑ ከመጀመሪያው ዓመት ስሕተቶቼ በተረፉ ነበር።

ስሄድ በልቤ የነበረው ሐሳብ ቀላል ነበር። ሕዝቡ ድሃ ነው፣ ስለዚህ ርካሽ መድኃኒት ካዘዝኩና አላስፈላጊ ምርመራ ካልጨመርኩ ሕክምናው ለሁሉም ይደርሳል ብዬ አምን ነበር። በወረቀት ላይም ሥርዓቱ የተሟላ ይመስላል፤ አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ፣ አንድ ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ለሚደርስ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታቀደው። ይሁን እንጂ ያ ስሌት የሰውን ቁጥር እንጂ የገደሉን ጥልቀት አይቆጥርም። እኛ ወረዳ ውስጥ ከሆስፒታሉ ግቢ ቆሞ በዓይን የሚታይ መንደር በእግር ሲሄዱ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ መውጣት አለና። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ራሱ አያሻግርም።

ዓይኔን የገለጠልኝ የአንዲት ልጅ አባት ነው። ልጅቱ በግምት የ13 ዓመት ስትሆን፣ ወላጆቿ ያመጧት የቀኝ እጇን እሳት አቃጥሏት ነበር። ቁስሉን እያጠብኩ እንዴት እንደተቃጠለች ስጠይቅ እናትየዋ “ምድጃ ላይ ወደቀች” ብላ አቀረቀረች። ክንዷ ላይ ግን ሌላ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረ። በገጠር ልጅ ሁለት ጊዜ ምድጃ ላይ ወድቃ ካያችሁ፣ ስለ ቃጠሎው ሳይሆን ስለ መውደቁ ጠይቁ። እኔም ዝግ ብዬ ጠየቅሁ። በመጨረሻ አባትየው “ይጥላታል” አለኝ፤ ከጀመራት አምስት ዓመት ሆኗታል። ከትምህርት ቤት ያስቀሯትም፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ውኃ እንዳትቀዳ የከለከሏትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚጥል በሽታ በአገራችን ገጠር ከሚታከሙት በሽታዎች ሁሉ በዋጋ ቀላሉ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፌኖባርቢታል የሚባለው ክኒን ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሎት ላይ የቆየ፣ ማታ ማታ አንድ ጊዜ የሚዋጥ፣ የወር ፍጆታውም ያኔ ከአንድ ኪሎ ስኳር በታች ያወጣ የነበረ መድኃኒት ነው። ይህንኑ አዘዝኩላትና ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ በኩራት ነገርኳቸው። አባትየው ከጋቢው ጫፍ የቋጠራትን ብር እየፈታ፣ “ለካርዱም ለመድኃኒቱም ይበቃናል፤ ስንት ጊዜ ነው የምንመላለሰው?” ሲል ጠየቀኝ። በየወሩ ስለው እጁ ቋጠሮው ላይ ቆመ። “እንግዲያስ እርስዎው ያስሉት” አለና ይቆጥርልኝ ጀመር።

ልጅቱ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ስለማትችል በቅሎ ከጎረቤት ይለምናል፤ የበቅሎዋን ውለታ ደግሞ በሬዎቹን ጠምዶ የጎረቤቱን መሬት አንድ ቀን በማረስ ይመልሳል። በመጡበት ቀን መመለስ ስለማይቻል ከተማ ካለ ዘመድ ቤት ያድራሉ፤ ዘመድ ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ቡና ወይም ስኳር ይገዛል። ለበቅሎዋ ገለባ ይገዛል። ከእርሱ ሌላ ልጅቱን ደግፎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ እናትየዋ ከመጣች ትንንሾቹን የሚጠብቅ፣ ላሟን የሚያልብ ሰው መለመን አለበት። የሐምሌ አረም ላይ ከሆነ ሦስት ቀን ከማሳ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ ልጅ አይነገርም። በታካሚ ካርዱ ጀርባ ላይ አብረን ስንደምረው፣ የካርዱና የመድኃኒቱ ክፍያ ከጠቅላላው ወጪ አንድ አሥረኛውን እንኳ አልሞላም። አባትየው ቋጠሮውን መልሶ እያሰረ “መድኃኒቱስ ርካሽ ነበር” አለ።

እኔ ግን ያን ቀን ሒሳቡን ሰማሁት እንጂ አልተጠቀምኩበትም። ሌላ አሠራር አላውቅም ነበርና የአንድ ወር መድኃኒት ሰጥቼ ለሚቀጥለው ወር ቀጠርኳቸው። ሁለት ጊዜ መጡ፤ በሦስተኛው ወር ቀሩ። የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለስብሰባ ስትመጣ ጠየቅኋት፤ መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንቱ ልጅቱ እንደገና መውደቋን፣ ቤተሰቡም “መድኃኒቱ አልሠራም” ብሎ መቁረጡን ነገረችኝ። መድኃኒቱ ሠርቷል። ያልሠራው የቀጠሮ አሰጣጤ ነበር። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ በርትቶ ሊመለስ እንደሚችል በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ሆኖም በየወሩ ና ብዬ ስቀጥር መድኃኒቱን የማቋርጠው እኔው ራሴ እንደሆንኩ አላስተዋልኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ለውጥ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ሌላ ቦታ ሊሠራ የሚችለው ይህ ነውና።

በመጀመሪያ የቆየ ሕመም ያለባቸውን ታካሚዎች ክትትል ከሆስፒታሉ አውጥተን ወደ ጤና ጣቢያዎች አወረድነው፤ ቀኑንም የገበያ ቀን አደረግነው። ገበሬው ቅዳሜ ገበያ መውጣቱ አይቀርም፤ እህሉን ይሸጣል፣ ጨውና ጋዝ ይገዛል፣ ዘመዱን ያገኛል። በዚያው ቀን መድኃኒቱን ከወሰደ ለሕክምና ብሎ የሚያጠፋው ቀን የለም። ይህ ማለት ግን የጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ቅዳሜን ሙሉ ቀን መሥራት አለባቸው፣ እነርሱም ዕረፍት የሚሹ ባለትዳሮች ናቸው። ስለዚህ ተራ አወጣንላቸው፣ በምትኩም ሰኞ እንዲያርፉ ተስማማን። እኔ ደግሞ ከወሩ ሁለቱን ቅዳሜ በተራ በጤና ጣቢያዎቹ እየተገኘሁ ከጤና መኮንኖቹ ጋር ታካሚዎችን አይ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ጤና መኮንኖቹ የሚጥል በሽታንም፣ የደም ግፊትንም፣ አስምንም ያለ እኔ መከታተል ቻሉ። ጎንደር ውስጥ ጤና መኮንኖችን የሚያሠለጥነው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው በደምቢያ ከደረሰው ከባድ የወባ ወረርሽኝ ማግስት ሲሆን፣ ሐሳቡም ሐኪም በሌለበት ቦታ ሁሉ ሕዝቡን የሚያክም ባለሙያ ማፍራት ነበር። ያ ሐሳብ ዛሬም አልደበዘዘም፤ ወጣት ሐኪም ሆናችሁ ስትሄዱ ጤና መኮንኑን እንደ በታች ሠራተኛ የምታዩ ከሆነ ግማሹን አቅማችሁን ጥላችሁት ሄዳችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ነው። ሕመሙ ለተረጋጋለት፣ አወሳሰዱን ለተረዳና ቤቱ የሚያስታውሰው ሰው ላለው ታካሚ ይህ ይቻላል። ቀጠሮ ስንሰጥም ቀን በቁጥር መጻፉን ትተን እንደ አገሩ ሰው አቆጣጠር መናገር ጀመርን። “ጥር 14” ብዬ ስቀጥር የሚቀሩ ሰዎች፣ “ከሦስተኛው ሚካኤል ቀጥሎ ባለው ገበያ” ሲባሉ አይሳሳቱም። የማርያም፣ የሚካኤልና የመድኃኔ ዓለም ቀን ለገበሬው በግድግዳ ላይ ከሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ከባድ ስሕተት ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። የሦስት ወር መድኃኒት መስጠት የጀመርኩት የመድኃኒት ቤት ኃላፊያችንን በቅጡ ሳላማክር ነው። ጤና ተቋም መድኃኒት የሚጠይቀው በየሁለት ወሩ በሚሞላ የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ሲሆን፣ የሚጠየቀው መጠን የሚሰላው ባለፉት ሁለት ወራት ከወጣው ፍጆታ ተነሥቶ ነው። እኔ በአንድ ጊዜ ከ40 ለሚበልጡ ሰዎች የሦስት ወር ፌኖባርቢታል ሳዝዝ፣ ትእዛዙ ግን የተሰላው በድሮው ፍጆታ ስለነበር መደርደሪያው መስከረም ሳይጋመስ ባዶ ሆነ። ፌኖባርቢታል በልዩ የማዘዣ ወረቀት ብቻ የሚወጣ መድኃኒት ስለሆነ፣ ከግል መድኃኒት ቤት እንደልብ አይገኝም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ወጣት ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንዘፈዝፈው አድሮ በቃሬዛ መጣ። መንዘፍዘፉን የሚያቆመውን ዳያዜፓም በደም ሥሩ ሰጥተን፣ ኦክስጅን አድርገን፣ ከሰዓታት በኋላ ነፍሱ ተመለሰች፤ እኔ ግን ያን ጠዋት የተሰማኝን ሐዘን አልረሳውም። ስለዚህ ይህን አደራ እላለሁ፦ የቀጠሮውን ርዝመት ከመለወጣችሁ በፊት ከመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ የሚፈለገውን ብዛት አስሉ፤ ቅጹ ላይ ፍጆታው ለምን እንደጨመረ በደብዳቤ አስረዱ፤ ታካሚዎቹንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ ጥቂት ጥቂቱን ወደ ሦስት ወር አሸጋግሩ። እኛ ከጎረቤት ወረዳ ተበድረን ያንን ወር ተሻገርን፤ ከዚያ በኋላ በጭራሽ ሊጠፉ የማይገባቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር በአንድ ገጽ ጽፈን በመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ለጠፍን፤ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ባለሙያው ቀሪውን እየቆጠረ ከጎኑ ይጽፍ ነበር።

የሚጥል በሽታን በሚመለከት ከመድኃኒቱ እኩል የሠራነው ከቤተ ክህነት ጋር ነው። በአካባቢው ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተት የተለመደ ነው፤ በሽታው በለሃጭ ይጋባል ተብሎ ስለሚታመንም የወደቀውን ሰው ማንም አይነካውም። እሳት ላይ የወደቀች ልጅ ቃጠሎዋ የሚከፋው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ዘመድ እንኳ ሊያነሣት ይፈራል። ወላጆችም ልጃቸውን ጠበል ሲወስዱ መድኃኒቱን ቤት ትተው ይሄዳሉ። የደብሩን አስተዳዳሪ ለማነጋገር ቤታቸው ሄድኩ። በሽማግሌ ወግ አስተናገዱኝ፤ ጠላ ቀድተው በሽታው ምን እንደሆነ በጥሞና ጠየቁኝ፤ ከነገርኳቸው በኋላ “ጠበሉን እየተጠመቁ ክኒኑን ቢውጡ እኛ ምን ተቃውሞ አለን? ሐኪሙንም የፈጠረው እርሱ ነው” አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራሳቸው አንደበት ለሕዝቡ ተናገሩ፦ በሽታው እንደማይጋባ፣ የወደቀውን ከእሳትና ከገደል አርቆ በጎኑ ማስተኛት እንደሚገባ፣ በአፉ ምንም እንዳይከቱበት፣ መድኃኒት የጀመረ ሰውም እንዳያቋርጥ። እኔ በአንድ ዓመት ልናገር የማልችለውን እርሳቸው በሩብ ሰዓት ጨረሱት። በቀጣዩ ቅዳሜ ለዓመታት በጓዳ ተደብቀው የኖሩ ሰባት አዳዲስ ታካሚዎች መጡ። ያቺ ልጅም ከእነርሱ ኋላ ከእናቷ ጋር ቆማ አገኘኋት።

ስለ ክፍያ ስናነሣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ሲሆን፣ አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ቤተሰቡ በሙሉ ዓመቱን የሚታከምበት ሥርዓት ነው፤ መክፈል ለማይችሉት ድሆች ደግሞ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ሰው ሳይታመም የሚያዋጣው ገንዘብ ሲታመም ንብረቱን ከመሸጥ ያድነዋል። ለዕድርና ለዕቁብ ባዳ ያልሆነ ሕዝብ ሐሳቡን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። አባል እንዳይሆን ወይም ከዓመት በኋላ እንዳያድስ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። መታወቂያውን ይዞ መጥቶ፣ ተመርምሮ፣ መጨረሻ ላይ “መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ” የሚባል ሰው ሁለት ጊዜ እንደከፈለ ነው የሚሰማው፤ እውነቱንም ነው። አንድ አረጋዊ የመድን ደብተራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው “ይህን ለሌላ ሰው ስጡት፣ ለኔስ አልሠራልኝም” ብለውኛል። እኛ ሐኪሞች በዚህ ውስጥ ያለንን ድርሻ መካድ አንችልም። በመደርደሪያው ላይ አሞክሳሲሊን እያለ በልማድ ሌላ አንቲባዮቲክ የምናዝዝ፣ የማይጠቅም መርፌና ቪታሚን የምንጨምር እኛው ነን። ጠዋት ጠዋት ያለውንና የሌለውን መድኃኒት አንብበን ወደ ሥራ እንድንገባ ከተስማማን በኋላ፣ ከውጭ እንዲገዙ የሚላኩ ሰዎች ቁጥር በግልጽ ቀነሰ። መዋጮው የሚሰበሰበውም አዝመራ ገብቶ በገበሬው እጅ ገንዘብ ሲኖር መሆን አለበት። ሪፈር አሠራሩንም ለታካሚው ማስረዳት ይገባል፤ ከጤና ጣቢያ ሳይጀምር በቀጥታ ወደ ላይኛው ሆስፒታል የሄደ አባል ሙሉ ሽፋኑን ስለሚያጣ፣ ባለማወቅ ብዙ ሰው ይጎዳል።

ወጪን ስለመቀነስ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ስለ መሣሪያ እናስባለን፤ እኔ ግን ከሁሉ የጠቀመኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከእኛ ደጋ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። በዚያ ቆላ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፍ የአሸዋ ዝንብ አለች። በሽታው ወራት ቆይቶ ሰውየው ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ስለሚወጣ፣ ደጋ ላይ የተቀመጠ ሐኪም ላያስበው ይችላል። በ2009 ዓ.ም. አንድ የ22 ዓመት ወጣት ሆዱ ተነፍቶ፣ ጎኑ ከስቶ፣ ትኩሳት ሲመላለስበት ከሁለት ወር በላይ ከቆየ በኋላ መጣ። በመካከሉ በሦስት የሕክምና ቤቶች የወባና የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ አባቱም ለዚሁ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሸጧል። ሆዱን ስዳብስ ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዷል። “ለሥራ ወዴት ሄደህ ነበር?” ብዬ ስጠይቀው፣ “ሁመራ” አለኝ። ከጣቱ በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ምርመራ ካላዛር መሆኑን አሳየ፤ ወደ ጎንደር ላክነው፤ በሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀናት ታክሞ ዳነ፤ መድኃኒቱም የተሰጠው በነጻ ነው። ካልታከመ ግን ይህ በሽታ ሰውን አይምርም። ቤተሰቡን በሬ ያሸጠው ሕክምናው ውድ ስለነበር አልነበረም፤ ያ አንድ ጥያቄ ለሁለት ወር ሳይጠየቅ በመቆየቱ ነው። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ይዞ በሚመጣ ታካሚ ካርድ ላይ ሁሉ “ቆላ ወርዶ ነበር?” የሚል መስመር አስገባን። ላቦራቶሪ ከማዘዜ በፊትም ራሴን የምጠይቀው ውጤቱ የምሰጠውን ሕክምና ይለውጠዋል ወይ ብዬ ነው፤ ካልለወጠ ታካሚው ለምን ይከፍላል?

ወደ ላይ ስትልኩም አስቀድማችሁ ደውሉ። ጎንደር ለመድረስ የተበደረ ቤተሰብ እዚያ ደርሶ “አልጋ የለም፣ ነገ ተመለሱ” ከተባለ፣ የሚያድርበት በረንዳ ነው። ተረኛውን ሐኪም በስልክ አግኝቼ፣ የላኩትን ሰው ሁኔታ ነግሬ፣ የሐኪሙን ስም ወረቀቱ ላይ ጽፌ ስሰድ፣ ቤተሰቡ ቢያንስ የሚጠይቀው ሰው ይኖረዋል።

የወሊድ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ግን ያየሁትን ጥቂት ልበል። ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው፤ ሆኖም ምጥ ሌሊት ሲመጣ ነጻነቱ ለገደሉ ማዶ እናት አይደርሳትም። በመንደሮቹ ቃሬዛ የሚሸከመው ዕድሩ ነው፤ ተራው ደርሶ የቀረ ሰው ይቀጣል። አንድ ሌሊት በ12 ሰዎች ትከሻ ሲቀባበሉ አድረው ጎህ ሲቀድ ያደረሷትን እናት አስታውሳለሁ፤ የተሸካሚዎቹ እግር በጭቃ ተለውሶ፣ የቃሬዛው እንጨት በተሸከሙት ሰዎች ላብ ርሶ ነበር። በሆስፒታላችን የነበረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ ማለትም በዚሁ ሙያ በሁለተኛ ዲግሪ የሠለጠነ ጤና መኮንን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምናውን አጠናቀቀ፤ እናትም ልጅም ተረፉ። እነዚህ ባለሙያዎች ባይኖሩ ኖሮ ያ ሌሊት በሞት ወይም በፊስቱላ ያበቃ ነበር።

ስለዚህ የመውለጃ ጊዜያቸው ሲቃረብ ሩቅ ያሉትን እናቶች አስቀድሞ ማምጣት ነው የሚሻለው። በጤና ጣቢያዎቹ የእናቶች ማቆያ ክፍል ነበረ፤ ለረዥም ጊዜ ግን ባዶውን ይውላል። እናቶቹን ስንጠይቅ መልሳቸው ከአልጋው ጥራት ጋር አልተያያዘም። “ምን እንበላለን? ልጆቼንስ ማን ያያል? ቡናስ ከማን ጋር እንጠጣለን?” ነው ያሉት። ነዋሪው ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ ዱቄት አዋጣ፤ ሁለት ክፍሎች በጓሮ በኩል ምድጃ ተሠራላቸው፤ እናት ወይም አማት አብራ እንድታድር ተፈቀደ፤ ትልልቆቹን ልጆች ትታ ጡት የሚጠባውን ይዛ መምጣት እንደምትችል ተነገራት። ገንፎ ሲገነፋ፣ ቡና ሲፈላ ክፍሉ ሞላ። አሁን እየጻፍኩ የዚያ ገንፎ ሽታ ይታወሰኛል።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣቸው። የዓይናቸው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የሚወጋቸው ብዙ እናቶች በአንገታቸው ማተብ ላይ ወረንጦ አንጠልጥለው ይዞራሉ፤ የትራኮማ መዘዝ ነው። ለዚህ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና አጭር ሲሆን የሠለጠነ ነርስ ይሠራዋል፤ ለጤና ጣቢያው የሚያስፈልገው የዘመቻውን ቀን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ማስነገር ነው። እግራቸው በዝሆኔ ያበጠባቸው ሰዎች ደግሞ ከምንም በላይ የሚያስፈልጋቸው ሳሙና፣ በረኪና የተጨመረበት የመዘፍዘፊያ ውኃ፣ ቫዝሊንና ጫማ ነው። በደጋማ ቀይ አፈር በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ እንጂ የሚጋባ በሽታ አይደለም። ይህን ጮክ ብሎ መናገር በራሱ ሕክምና ነው፤ ከማኅበር የተገለሉ ሰዎች እግራቸውን በአግባቡ ማጠብ በጀመሩ በወራት ውስጥ እብጠቱ ጎድሎ፣ ሽታው ጠፍቶ ወደ ጽዋቸው ሲመለሱ አይቻለሁ።

ከወረዳው የወጣሁት በ2011 ዓ.ም. መገባደጃ ለስፔሻሊቲ ትምህርት ነው። ከመውጣቴ በፊት ሁለት ወር ሙሉ የፈጀብኝ ርክክቡ ነበር፤ አንድ ሐኪም የጀመረው ሥራ ሐኪሙ ሲሄድ እንደሚሞት በሌሎች ቦታዎች ሰምቼ ነበርና። የቆየ ሕመም ያለባቸውን ታካሚዎች መዝገብ በየጤና ጣቢያው አባዛን፤ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ መንደሩን፣ የሚወስደውን መጠን፣ የሚቀጥለውን ገበያና ቢቀር የሚጠየቀውን ሰው ጻፍን። መዝገቡን የሚይዘው ጤና መኮንን በመጨረሻዎቹ ቅዳሜዎች ታካሚዎቹን ብቻውን ሲያይ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ እመለከት ነበር።

ከሄድኩ በኋላ እርሱው ደውሎልኝ ስለዚያች ልጅ አማከረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጣላትም፤ ወደ ትምህርቷ ተመልሳ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ መድኃኒቱን እንቀንስላት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ዓመት ከቆየ ማሰብ እንደሚቻል፣ ነገር ግን በየጥቂት ወራቱ በጣም በዝግታ መቀነስ እንዳለበት፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከምድጃና ከወንዝ እንድትርቅ ለእናቷ መንገር እንደሚያስፈልግ ተነጋገርን። መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ ስንት ወር የሚበቃ እንዳለ ጠየቅሁት፤ ቢመለስባት ወዲያው ሊጀምርላት ይገባዋልና። “የሰኞው ቆጠራ አምስት ወር ይላል” አለኝ። እንግዲያውስ ከሚቀጥለው ሚካኤል በኋላ ባለው ገበያ ይጀመር ተባባልን።